ሦስተኛው ሽማግሌ ሰይፈሥላሴ

ሰይፈሥላሴን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሊያስገድለው የነበረው ፊቱ ነው፤ ያተረፈውም ይኸው ፊቱ ነው። በደርግ ዘመን፣ ወጣት በየመንገዱ በሚታፈስበት ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ገበያ መካከል አንድ ጠቋሚ ጣቱን ቀስሮ «ያውና!» አለ። የሚፈለገው ሌላ ሰው ነበር። ሰይፈሥላሴ ግን ያንን ሰው ይመስላል፤ ማንንም ይመስላል። አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አራት ወር ከአሥር ቀን ታሰረ። ከአጠገቡ እየተጠሩ ከወጡት ብዙዎቹ አልተመለሱም። የእሱም ተራ ደርሶ በሩ ላይ ሲቆም፣ ስም የሚጠራው ዘበኛ ትኩር ብሎ አየውና «አንተ፣ የመዘዞው አጎቴ ልጅ አይደለህም እንዴ? ሕፃን ሆነህ ነው የማውቅህ» አለው።

ሰይፈሥላሴ መዘዞን ረግጦት አያውቅም። «ነኝ» አለ።

በዚያች አንዲት ቃል ከሞት አመለጠ። የመጀመሪያ ትወናው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ አርባ ሦስት ፊልምና ድራማ ሠርቷል፤ ያን ያህል ዋጋ ያላት ቃል ግን ዳግም የሰጠው የለም። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ቃል የሚባል ነገር አይሰጡትም።

እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ፊቱን አገር ሙሉ ያውቀዋል፤ ስሙን የሚያውቁት ግን ሚስቱና ዕድሩ ብቻ ናቸው። በመንገድ ሲያልፍ ሰዎች ቆም ብለው «የት ነበር የማውቀው?» ይባባላሉ። እሱ ደግሞ ይህን ጥያቄ ከሩቅ ያሸተዋል። እርምጃውን ይቀንሳል፣ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ግራ ፊቱን ይሰጣቸዋል። የግራ ፊቱ ይሻላል ብሎ ያምናል።

እኔ ታዲያ ይህን ሰው ነው የአንድ ልጄን ትዳር አሸክሜ አንኮበር የላክሁት። ልጄ ምህረቱ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የሚወዳት ልጅ አንዲት ናት፤ አባትዋ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሰዋል፤ ሦስተኛው የመጨረሻው ነበር። ታሪኩ እዚያ እስኪደርስ ግን ክቡርነቱን ላስተዋውቃችሁ። ደክሞኛል፤ ቢሆንም ላስተዋውቃችሁ።

ክቡር ሰይፈሥላሴ ከእስር እንደ ወጣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን ላይ ቆመ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ፊልም የሚሠሩ ልጆች መጡና የግቢ በር የሚከፍት ሽማግሌ ፈለጉ። ያን ጊዜ ገና አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ልጆቹ ሲያዩት ያለ ጥርጥር ሽማግሌ ነው አሉ። አልተቀየመም። በሩን ከፈተ፤ ዋናው ተዋናይ በመኪና ገባ፤ በሩን ዘጋ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን በር እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። በግራ እጁ ለምን እንደ ከፈተው፣ መወርወሪያውን ሲስብ ለምን እንደ ተነፈሰ፣ መኪናው ሲገባ ምን እያሰበ እንደ ነበር አውቃለሁ። «ትንሽ ናት» ይላል ጣቱን አንስቶ፣ «ግን ያለ እሷ ፊልሙ አይቆምም። እኔ ባልከፍትለት በየት በኩል ይገባ ነበር?» ይህቺ «ትንሽ ናት» ከእሱ ጋር አርጅታለች። በለቅሶ ቤትም፣ በሰርግ ቤትም፣ በባጃጅ ውስጥም ተናግሯታል።

ከበሩ በኋላ ሥራው ተከታተለ። አሥራ አራት ጊዜ ዘበኛ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሽማግሌ፣ ዘጠኝ ጊዜ ቄስ፣ ስድስት ጊዜ ዳኛ፣ ሦስት ጊዜ ሬሳ ሆኗል። ሽማግሌ ሲሆን ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው። ሁለቱ ይናገራሉ፤ እሱ ከዳር ቆሞ ከዘራውን ተደግፎ ይሰማል። ሬሳ የሆነባት አንዲቷ ፊልም የተቀረጸችው በታኅሣሥ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ፣ ገና አመዳዩ ሳይነሣ ነው። የፊልሙ አዘጋጅ ሦስት ጊዜ አስቆመ።

«ጋሼ፣ ሬሳው እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ!»

ሬሳው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «የደብረ ብርሃን ሬሳ ነዋ! ብርድ ልብስ ጣሉበት» አለ።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ወፍራም ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ። «አንብብና አስተያየትህን ስጠኝ» አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ነው፤ ስለዚህ ወረቀት አከብራለሁ፤ አንድም ገጽ አልዘልም። ሁለት ቀን ተቀምጬ ዘጠና ገጽ አነበብኩ። የሰይፈሥላሴ ክፍል ሰባ አንደኛው ገጽ ላይ ነው። «ዳኛው መነጽራቸውን ያወልቃሉ» ይላል።

«እንዴት አየኸው?» አለኝ በሦስተኛው ቀን።

«ታወልቃለህ» አልኩት።

«አዎ፤ ግን ለምንድነው የማወልቀው? እሱን ነው የምጠይቅህ።»

እኔ ምን ላውቅ? እሱ ግን መነጽር የማውለቁን ምክንያት እስከ ማታ ሲያብራራልኝ ዋለ። መነጽሩ ደግሞ የእኔ ነበር፤ ለልምምድ ብሎ ወስዶት ሳምንት ሙሉ ጋዜጣ ሳላነብ ሰነበትኩ።

ከቄስነቱ የመጣውማ ሌላ ጣጣ ነው። አብረን መንገድ ስንሄድ ሴቶች ከባጃጅ ወርደው «አባ፣ ይባርኩኝ» ይሉታል። እኔ በክርኔ እጎስመዋለሁ። እሱ ግን «እግዚአብሔር ይባርክሽ ልጄ» ይላል፣ ድምፁን አወፍሮ።

«ሰይፉ፣ ኃጢአት ነው!» እለዋለሁ።

«ምን አደረግሁ? መስቀል አላወጣሁ። እግዚአብሔር ይባርክሽ ማለት ለማን ነው የተከለከለው?»

ዳኛ የሆነበት ድራማ ሲተላለፍ ደግሞ አንዲት ድንች ነጋዴ «ያን ምስኪን ልጅ አሥር ዓመት የፈረድክበት አንተ አይደለህ?» ብላ ድንቹን ሳትሸጥለት ቀረች። ሚስቱ ብርነሽ ያን ቀን ሌላ ሰው ልካ አስገዛች። እሱ እንደ ተሸለመ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነበር የዋለው።

ቴሌቪዥን ከእሱ ጋር ማየት ከበድ ያለ ሥራ ነው። ሥራው የሚተላለፍ ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ ከፊት ይቀመጣል፤ «አሁን! አሁን!» እያለ ቤተሰቡን ያስጨንቃል። እኛ ዓይናችንን ሳናርገበግብ እንጠብቃለን። ዋናው ተዋናይ ያለቅሳል፣ ዋናዋ ተዋናይት ታቅፈዋለች፣ ከበስተኋላ የሆነ ነገር ሽው ይላል።

«አያችሁ?»

«የቱ ጋ?» ትላለች ሚስቴ ይመኙሻል።

«ከትከሻዋ በላይ! ያቺ የግራ ጆሮ የኔ ናት!»

ሰይፈሥላሴ እንግዲህ ይህ ነው። አሁን ወደ ልጄ ጉዳይ ልመለስ።

ምህረቱ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ኤሌክትሪሲያን ነው። ልጅቱ ማርያማዊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ነርስ ናት። አባትዋ የአንኮበሩ መሪጌታ ገብረአብ ናቸው፤ አገሩ የኔታ ይላቸዋል። በመጀመሪያ የነፍስ አባታችንን ከሁለት ሰዎች ጋር ላክሁ። የኔታ በቅኔ ተቀብለው በቅኔ መለሷቸው። «ልጁ የአብነት ትምህርት የለውም» የሚል ምክንያት ሰጡ። ከሦስት ወር በኋላ ደግሜ ላክሁ። አሁንም በቅኔ ረትተው መለሷቸው፤ የዚያን ጊዜው ምክንያት ዘር ቆጠራ ነበር። የነፍስ አባታችን ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ «ሦስተኛ እኔን አትላከኝ» አሉኝ። ማርያማዊትም ለልጄ ቁርጡን ነገረችው፤ «እወድሃለሁ፤ አባቴ ሳይመርቁኝ ግን ከቤት አልወጣም። ሦስተኛውን ከመለሱ አንተም ሌላ ፈልግ።» ምህረቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ፊቱ ሲቀርብ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ዝም ብሎ ያየዋል።

ወዳጄን ወልደአረጋይን ለመንኩት፤ በጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሥርዓት ያውቃል። የሚስቴን ወንድም ወገኔን ጨመርኩ። አንድ ሰው ጎደለ። ይመኙሻል ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ጋሽ ሰይፉን ላክ» አለች።

«ሰይፉን? ለዚህ ነገር?»

«እሱ ሄዶበት የተመለሰ ሽምግልና አላየሁም።»

«ይመኙሻል፣ ያ እኮ ፊልም ነው!»

«ይሁና። አሥራ አንዱንም አይቻለሁ፤ አንዱም አልተመለሰም።»

 ሌላ ሰው አጣሁ። ሄጄ ነገርኩት። ሰይፈሥላሴ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ትንሽ ናት?» አለኝ።

«ትልቅ ናት» አልኩት። «በዕድሜ ከሦስቱ አንተ ትበልጣለህ። የምትናገረው አንተ ነህ።»

የእኛን ሥርዓት ለማያውቅ ልንገር። ሽማግሌ ደጅ ይደርሳል። ባለቤቱ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ይላል። ሽማግሌው ይገባል እንጂ አይቀመጥም፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ከዘራውን ተደግፎ ይቆማል። በዕድሜ የሚበልጠው ነገሩን ይከፍታል። አባት ካልፈቀደ ሽማግሌው እንደ ቆመ ይመለሳል። ከፈቀደ «ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ያን ጊዜ ይቀመጣል። መቀመጥ ማለት ልጅቱን ተቀበልን ማለት ነው። ሳይፈቀድለት የሚቀመጥ ሽማግሌ እኔ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ተነሣን። የወንድ አባት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። መንገዱን ሙሉ ሰይፈሥላሴ ንግግሩን ተለማመደ። የእሱን ብቻ አይደለም፤ የወልደአረጋይንም፣ የወገኔንም፣ የየኔታንም ሚና ይዞ ተናገረ። የየኔታ እምቢታ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየው።

«የእኔን ለእኔ ተውልኝ» አለው ወልደአረጋይ።

«አንተ ስትናገር ትቸኩላለህ። ቃሉን ተንፍሰህበት...»

«ሠላሳ ዓመት ችሎት ላይ ሳነብ አንተ በር ትከፍት ነበር!»

«ትንሽ ናት» አለ ሰይፈሥላሴ፣ «ግን...»

«እግዚአብሔርን ፍራ፣ ሰይፉ!» አልነው ሦስታችንም።

አንኮበር ስንደርስ ጉም ወርዶ ነበር። ሦስቱ ዳገቱን ይዘው ወጡ፤ እኔ ከሚኒባሱ ውስጥ ቀረሁ። ሾፌሩ እንቅልፍ ወሰደው። ምህረቱ ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሁለት ጊዜም «ገና ናቸው» አልኩት። በሦስተኛው አላነሣሁም። አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሌላም ተጨመረ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ብዙ ነገር ጠብቄያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደክሞኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ወልደአረጋይ ቀድሞ፣ ከዘራውን እያወዛወዘ ነው የሚወርደው። 

«ይህን ሰውዬ ከየት ነው ያመጣህብን?» አለ ገና ሳይደርስ።

«ምን አደረገ?»

«ምንም! ምንም አላደረገም! ገባን፣ ቆምን፣ የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አፉን ይከፍታል ብለን እንጠብቃለን። እሱ ግን ሄዶ ከዳር ቆሞ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዝም! እኔ በዓይኔ ጠቀስኩት። ወገኔ አሳለ። ዝም! እንደ ፊልሙ ሦስተኛ ሽማግሌ ሆኖልሃል!»

ወገኔን አየሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው።

«እሺ፣ አንተስ አትናገርም ነበር?»

«ታላቅ ቆሞ ታናሽ ይክፈት? የኔታ ፊት? ቆምን እንጂ! ዝምታው በዛ፤ ቤቱ ጭር አለ። የኔታ ቅኔ አዘጋጅተው ኖሮ የሚመልሱለት ነገር አጡ። ሰይፉን ያያሉ፣ ሰይፉ ያያቸዋል። ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ።»

«ምን አሉ?»

ወልደአረጋይ ከዘራውን አወረደ። ድምፁም አብሮ ወረደ። «ስለ ትልቋ ልጃቸው» አለ።

የኔታ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለተሐናን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ድረዋል። ለባልዋ ሽማግሌ የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰፊ እርሻ ወደ ምዕራብ አለው ሲሏቸው ሁለተኛ ሳያስመጡ፣ በዚያው ቀን «ሰጥቻለሁ» አሉ። ወለተሐና ከባልዋ ጋር ወደዚያ ወረደች፤ ኖረች፣ ወለደች። ከጥቂት ዓመት በፊት ሁሉን ጥለው ሸሹ። አሁን ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ጣቢያ፣ ሸራ ውስጥ ናት። የኔታ ሄደው «ልጆችሽን ይዘሽ ነይ፣ ቤት አለ» አሏት። እሷም «አባዬ፣ የሰጡኝ ለሰው ነው፤ ሰውየው እዚህ ነው ያለው» ብላ መለሰቻቸው።

«'ያቺን ቃል በአፌ ብያት ነው ልጄ እዚያ ያለችው' አሉ» አለ ወልደአረጋይ። «'ከዚያ ወዲህ እላታለሁ ብዬ ስነሣ ትሰነቀርብኛለች። ልጃችሁን ጠልቼ አይደለም። ለቄሱ ይህን እንዴት ልበላቸው? በቅኔ መለስኳቸው' አሉ። እኛ እንግዲህ ቆመናል። ምን ይባላል? ይኼኔ ነው ጉዱ የመጣው።»

«ደግሞ ምን?»

«ተቀመጠ!»

«ማን?»

«ሰይፉ ነዋ! ሄደና የኔታ አጠገብ መደቡ ላይ ቁጭ አለ! ሳይፈቀድ! እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወገኔ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የኔታ ዘወር ብለው አዩት። እሱም አያቸው። ምንም አላለም። እሳቸውም ብዙ ቆዩ።»

«ወልደአረጋይ፣ ጨርስልኝ፣ ልሞትብህ ነው።»

«'አንዱ ከተቀመጠማ እናንተስ ምን ያቆማችኋል?' አሉ። 'ተቀመጡ' አሉን።»

ለጊዜው አልገባኝም። «ተቀመጡ አሉ?»

«ተቀመጡ አሉ።»

«ሰጥቻለሁ አላሉም?»

«አላሉም። አልቻሉም። ተቀመጡ ነው ያሉት። እኔም ሠላሳ ዓመት ሥርዓት የማውቅ ሰው ምን ላድርግ? ተቀመጥኩ! ባለቤታቸው ከጓዳ እልል አሉ። የኔታ ያቺን ቃል ሳይሏት ልጅቱን ሰጡ።»

 ከዚያ ለምህረቱ ደወልኩ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም፤ እሱ ግን አልቅሷል። ወልደአረጋይ አሁንም «ነውር ነው! በሥርዓት ደረጃ ፍጹም ነውር ነው!» እያለ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ይጠርግ ነበር።

ሰይፈሥላሴ ከሁሉም በኋላ ቀስ ብሎ ወረደ። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ፤ እንዴት እንደ ቆመ፣ ለምን አንገቱን ዘንበል እንዳደረገ፣ በየትኛው ፊቱ እንዳያቸው። ምንም አላለም። በዚህ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የዚህ ሰው ዝምታ አስፈራኝ፤ ለካ ወሬውን እወደው ኖሯል። ጋቢና አስገባሁትና እኔ ከጎኑ ተጣብቤ ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ ጉሙን ለቆ ሜዳው ላይ ሲወጣ አላስቻለኝም። ስለ ሥራው ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ እሱ ሳልጠይቀው ነው የሚነግረኝ።

«ሰይፉ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ መንገዱን እያየ። «መጀመሪያ ልማድ ነው። ጀምር እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነበር። አርባ ሦስት ሥራ ላይ ሰው ሲናገር ከጎን ቆሜያለሁ፤ አንድም ቀን የሚለውን ሰምቼ አላውቅም። ካሜራው መቼ ወደ እኔ ይዞራል እያልኩ የምሰማ መምሰል ነው ሥራዬ። በሱ ደግሞ ጎበዝ ነኝ፤ አንተም ታውቃለህ። ዛሬ የኔታ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ግን የመጣሁበትን ረሳሁ። ንግግሬን ረሳሁ። ያንተን ልጅም ረሳሁት፤ ይቅር በለኝ። ሰውዬው ብቻቸውን ነው የተቀመጡት፤ ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከሠራሁት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይኼ ነው። ማንም አልቀረጸውም፤ ይሁን።»